አጃቢው ሲጽፍ፦ ከረዳት ተዋናይነት ወደ ስክሪፕት ጸሐፊነት የተሻገረው ኮሊን ዌላንድ
(ለወጣት ተዋንያንና ጸሐፍት በተዘጋጀ መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር)

ክቡራትና ክቡራን፣ የሙያ ባልደረቦች፣ ከኋላ ግድግዳ ተደግፋችሁ የቆማችሁ ወጣቶች፣ እንደምን አመሻችሁ! እዚህ ፊት ለፊት ባዶ ወንበር አለና ኑ፣ ተቀመጡ። ተዋናይ ሆኖ ከመድረክ መሸሽ ምን የሚሉት ነው?

ኮሊን ዌላንድ የሚባል ሰው የምታውቁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። ሁለት... ሦስት። መልካም። በባሕር ዳርቻ፣ በእርጥብ አሸዋ ላይ፣ ነጭ ለብሰው በባዶ እግራቸው የሚሮጡ ወጣቶችንና የቫንጌሊስን ሙዚቃስ የምታውቁ? አያችሁ፣ አዳራሹ በሙሉ! ፊልሙ «የእሳት ሠረገሎች» ነው፤ የጻፈው ደግሞ አሁን ሦስት ሰው ብቻ እጁን ያወጣለት ዌላንድ ነው። ሲጽፈው የሃያ ዓመት ያህል የትወና ልምድ ነበረው፤ ያውም በአብዛኛው በረዳት ተዋናይነት።

ሦስት ነገር ነው የማወራው። ብዕር ከማንሳቱ በፊት ምን ይሠራ እንደነበር፣ እንዴት ይጽፍ እንደነበር፣ ከኦስካር በኋላ ምን እንደገጠመው። መካከለኛው ይረዝማልና ታገሡኝ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንግዲህ ወደ አንደኛው።

ዌላንድ የተወለደው በ1934 በሰሜን እንግሊዝ ነው። የወላጆቹ ስም ዊሊያምስ ነበር፤ ዌላንድ የመድረክ ስሙ ነው። ያደገበት አካባቢ የከሰል ማዕድንና የጥጥ ፋብሪካ አገር ነው። የሰዉ አነጋገር ከለንደኑ ይለያል፤ በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ሬዲዮና ቲያትር ያ አነጋገር የሚሰማው ሰው ለማሳቅ ሲፈለግ ነበር። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ይጠቅመናል። ዌላንድ መጀመሪያ ተዋናይ አልነበረም፤ ሊ በምትባል ከተማ ሥዕል ያስተምር ነበር። ከዚያ ማንችስተር ላይብረሪ ቲያትር ገባ፤ በ1962 ደግሞ ቢቢሲ «ዚ ካርስ» የተባለውን የፖሊስ ተከታታይ ድራማ ሲጀምር የኮንስታብል ዴቪድ ግራሃምን ገጸ ባሕርይ አገኘ። እስከ 1965 በዚያ ቆየ።

የዚ ካርስን አሠራር ልብ በሉ። እያንዳንዱ ክፍል 50 ደቂቃ ነው፤ በእነዚያ ዓመታት አብዛኛው የሚተላለፈው ደግሞ በቀጥታ ነበር። ቀድሞ ተቀርጾ አይደለም፣ በቀጥታ! ሁለት ፖሊሶች መኪና ውስጥ ሆነው ሲያወሩ መኪናው ስቱዲዮ ውስጥ ቆሟል፤ ከበስተጀርባው ሸራ ላይ የሚሮጥ መንገድ በፕሮጀክተር ይታያል። «ቆርጠን እንደገና እንጀምር» የሚል ዳይሬክተር የለም። አጠገብህ ያለው ሰው ቃለ ተውኔቱ ቢጠፋበት ሚሊዮኖች እያዩ ነው። ታዲያ ማን ያወጣዋል? አንተ ነህ። ለዚህ የራስህን ቃል ብቻ ማጥናት አይበቃም፤ የሱን ቃል ታውቃለህ፣ ይህ ትዕይንት ለምን እዚህ እንደገባ ታውቃለህ፣ የትኛው ዓረፍተ ነገር ቢዘለል ታሪኩ እንደሚፈርስ፣ የትኛው ቢዘለል ማንም ልብ እንደማይለው ታውቃለህ። ይህ የማን ሥራ ነው? የጸሐፊ! መሪ ተዋናዩ በራሱ ገጸ ባሕርይ ሲጠመድ፣ አጃቢው ሙሉውን ስክሪፕት ይማራል። እኔ በበኩሌ የዌላንድ የጽሑፍ ትምህርት ቤት ዚ ካርስ ነበር ባይ ነኝ።

ቀጥሎ «ኬስ» መጣ። ኬን ሎች በ1968 ባርንስሊ በተባለች የማዕድን ከተማ የቀረጸው ፊልም ነው። ቢሊ የሚባል ድሃ ልጅ ጭልፊት አግኝቶ ያሠለጥናል። ልጁን የተጫወተው ዴቪድ ብራድሊ የአካባቢው ተማሪ ነበር፤ አብዛኞቹ ሌሎችም ትወናን የማያውቁ ያገር ሰዎች ናቸው። በስም የሚታወቀው ባለሙያ ዌላንድ ነበር ማለት ይቻላል፤ መምህር ፋርዚንግን ሆኖ ነው የተጫወተው። አስቡት፣ የቀድሞ መምህር መምህር ሲሆን።

የመማሪያ ክፍሉን ትዕይንት ያላያችሁ እዩት። መምህሩ ተማሪዎቹን እውነተኛ ታሪክ ተናገሩ ይላቸዋል። ቢሊ አያዳምጥም፤ ከዚያ ስለ ጭልፊቱ ተናገር ተብሎ ይቆማል። ሲጀምር ይንተባተባል፤ ቀስ በቀስ ግን ጠፍሩ ወፏ እግር ላይ እንዴት እንደሚታሰር፣ ሥጋ በጓንት ይዞ እንዴት እንደሚጠራት፣ ያለ ገመድ የለቀቃት ቀን ምን እንደተሰማው እየተናገረ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ዌላንድ በዚህ ሁሉ ምን ይሠራል? ያዳምጣል! አጭር ጥያቄ ይጠይቃል፤ ያዳምጣል። ባለሙያው ተዋናይ ትዕይንቱን በሙሉ ለልጁ ለቀቀለት፣ እንግሊዞችም ለዚሁ ባፍታ የሚባለውን የፊልም ሽልማታቸውን በረዳት ተዋናይነት ሰጡት።

በትወናው ላይ አንድ ልጨምርና እንለፍ። በ1979 ዴኒስ ፖተር ለቢቢሲ በጻፈው ድራማ ውስጥ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ ተጫውቷል። ተዋንያኑ በሙሉ ጎልማሶች፣ ገጸ ባሕርያቱ በሙሉ ሕፃናት። ዌላንድ 44 ዓመቱ፣ ቦርጭ ያለው ሰው፣ ቁምጣ ታጥቆ ጫካ ውስጥ ሲሯሯጥ ታዩታላችሁ። ሄለን ሚረንም አብራ አለች። በዚያን ጊዜ እሱ የታወቀ ጸሐፊ ሆኗል፤ ቁምጣ መታጠቁን ግን አላፈረበትም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልምጣ፤ እንዴት ይጽፍ ነበር?

መጀመሪያ የጻፈው የሚያውቀውን ነው። በ1970 «አሥር ሰዓት በደረሰ» ብለን ልንጠራው የምንችል የቴሌቪዥን ድራማ ጻፈ፤ የትምህርት ቤት ታሪክ ነው፤ ተማሪውም መምህሩም የመውጫ ሰዓቱን ደወል የሚጠብቅበት ትምህርት ቤት። በ1973 «በሃምሳ ዓመት መሳም» መጣ፤ አንድ ሠራተኛ በሃምሳኛ የልደት ቀኑ የመጠጥ ቤት አስተናጋጅ ይወድና ቤቱን ጥሎ ይሄዳል። ታሪኩ በአንድ መስመር ያልቃል። እንዲህ ያለ ታሪክ እኛ ዘንድ ስንት ጊዜ ተሠርቷል? ስንት ጊዜስ ሚስቲቱ አልቅሳ፣ ሴቲቱ ተረግማ አልቋል? ዌላንድ ግን ለሚስቲቱም፣ ለሴቲቱም፣ ለልጆቹም የየራሳቸውን ክርክር ሰጣቸው። ማንም ወጥቶ ሌላውን ለማስረዳት ብቻ አይናገርም። አጃቢ ተዋናይ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፤ «ጌታዬ፣ እንግዳ መጥቷል» ብሎ መውጣት ምን ያህል እንደሚያስጠላ! ዌላንድ ያን ዓይነት ገጸ ባሕርይ በሌላ ተዋናይ ላይ መጫን አይወድም ነበር ብዬ ነው የማነብበው።

በ1974 ደግሞ «ሊድስ ዩናይትድ!» ወጣ። የእግር ኳስ አይደለም፣ አትሳሳቱ። በ1970 በሊድስ ከተማ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሴቶች በሰዓት የ1 ሽልንግ ጭማሪ ጠይቀው ያደረጉት የሥራ ማቆም አድማ ነው። ሁለት ሰዓት የሚጠጋ፣ በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ፣ በብዙ ሰው የተሞላ ሥራ። ብዙ ሰው ያለበትን ታሪክ ስንጽፍ የምንሠራው ስህተት ምንድን ነው? አንድ ጀግና እንመርጥና ሌላውን ጩኸት እናደርገዋለን። እሱ ግን ሕዝቡን ራሱን ዋና ገጸ ባሕርይ አደረገ፤ አንዷ ትናገራለች፣ ሌላዋ ትቆርጣታለች፣ ሦስተኛዋ ትቀልዳለች፤ ሁሉም በአገራቸው አነጋገር። ያ ለማሳቂያ ብቻ ይፈለግ የነበረ አነጋገር፣ አልኳችሁ አይደል፣ አሁን የሚከራከሩበት ሆነ።

አሁን ወደ ትልቁ ሥራ እንሂድ። ፕሮዲዩሰሩ ዴቪድ ፑትናም በ1977 ካሊፎርኒያ ውስጥ በተከራየው ቤት ጉንፋን ይዞት ተኝቶ ሳለ፣ እዚያ ያገኘውን የኦሊምፒክ ታሪክ መጽሐፍ ሲያገላብጥ ስለ ኤሪክ ሊደል ያነብባል። ሊደል ስኮትላንዳዊ ሯጭ ነው፤ በ1924 የፓሪስ ኦሊምፒክ የ100 ሜትር ማጣሪያ እሑድ ሲውልበት በሰንበት አልሮጥም አለ፤ በምትኩ 400 ሜትር ሮጦ በ47.6 ሰከንድ ወርቅ ወሰደ። የ100 ሜትሩን ወርቅ እንግሊዛዊው ሃሮልድ ኤብራሃምስ በ10.6 አሸነፈ። (በዚያው በ1924 ራስ ተፈሪ መኮንን አውሮፓን ሲጎበኙ ፓሪስም ገብተው ነበር፤ እኛ ለኦሊምፒክ የበቃነው ግን በ1956 ሜልቦርን ላይ ነው።) ፑትናም ጻፍልኝ ብሎ ወደ ዌላንድ ሄደ።

ዌላንድስ ከምን ጀመረ? ከመጻፍ አይደለም። አንደኛ፣ ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አወጣ፤ «ስለ 1924ቱ ኦሊምፒክ ትዝታ ያላችሁ ንገሩኝ» የሚል። ሁለተኛ፣ በፊልም ቤተ መዛግብት የዘመኑን ምስሎች ተመለከተ። ሦስተኛ፣ በሕይወት ያሉትን እየፈለገ አነጋገረ። ኤብራሃምስን ግን አልደረሰበትም፤ በጥር 1978 ሞተ። ዌላንድ በቀጣዩ ወር የመታሰቢያ ጸሎቱ ላይ ተገኘ። ያ ቀን ምን ሆነ መሰላችሁ? የፊልሙ መክፈቻ ሆነ! ሽማግሌዎች ቤተ ክርስቲያን ተሰብስበው የሞተ ጓደኛቸውን ሲያስቡ ታሪኩ ወደ ኋላ ይሄዳል። ፈልጎ ያጣው ሰው በር ከፈተለት።

ማስታወቂያውም መልስ አመጣ። ኦብሪ ሞንታግ የሚባል የዚያ ዘመን ሯጭ ለእናቱ የጻፋቸውን ደብዳቤዎች ልጁ ለዌላንድ ላከለት። በፊልሙ ታሪኩን የሚያያይዙት ድምፆች እነዚያ ደብዳቤዎች ናቸው። የሰላምታውን አጻጻፍና የዩኒቨርሲቲውን ስም ለወጠ፤ ሞንታግ የኦክስፎርድ ተማሪ ነበር፣ በፊልሙ ካምብሪጅ ገባ። ቀሪውን ቃል እንዳለ ተወው። ልብ በሉ፣ ምርጥ ጸሐፊ ሆኖ ሳለ የሌላ ሰው ደብዳቤ የተሻለ መሆኑን ሲያይ ብዕሩን አስቀመጠ።

አሁን ችግሩን ልንገራችሁ። ሁለት ጀግና አለህ። ፓሪስ ላይ ለአንድ ወርቅ አይፋለሙም። ክፉ ሰው የለም። የመጨረሻው ውጤት ደግሞ ከመጽሐፍ ይነበባል። ይህን ታሪክ ብትቀበሉ ምን ታደርጋላችሁ? አበበ ቢቂላን ጻፉ ብትባሉስ፣ ሮም ላይ ሩጫውን ከጨረሰበት ከቆስጠንጢኖስ ቅስት ጀምራችሁ ወደ ኋላ ትሄዳላችሁ ወይስ...? አሁን አትመልሱልኝ፣ አስቡበት።

ዌላንድ ጊዜን ጨመቀ፤ ሰዎችንም አዟዟረ። ሊደል የእሑዱን ነገር ያወቀው መርሐ ግብሩ ሲወጣ፣ ከወራት በፊት ነው፤ ለ400 ሜትር የተለማመደበትም ምክንያት ይኸው ነው። በፊልሙ ግን መርከብ ላይ ሊወጣ ሲል ይሰማዋል። ለምን? የወራት ጭንቀት ስክሪን ላይ አይታይም፤ መሰላል ላይ ያለ ሰው ፊት ግን ይታያል። እኅቱ ጄኒ በእውነቱ ሩጫውን ትደግፍ የነበረች ታናሽ ልጅ ናት፤ በፊልሙ ትከራከረዋለች፣ ምክንያቱም የሊደል ጥያቄ በልቡ ብቻ ከቀረ ተዋናዩ የሚናገረው የለውም፣ የሚመልስለት ሰው ያስፈልገዋል። በእውነቱ ኤብራሃምስ መጀመሪያ 100 ሜትሩን አሸንፎ በኋላ በ200 ፍጻሜ ስድስተኛ ወጣ፤ በፊልሙ መጀመሪያ ይሸነፋል፣ ከዚያ ያሸንፋል። በፊልሙ የሚታየውን፣ የኮሌጁን ግቢ ሰዓቱ ደውሎ ሳይጨርስ የመዞሩን ሩጫ፣ በእውነቱ ኤብራሃምስ ሞክሮት አያውቅም፤ ሎርድ በርሊ የሚባል ሯጭ ነው በ1927 ያደረገው። ዌላንድ ይህን ሯጭ መነሻ አድርጎ ሎርድ ሊንድሲ የሚባል ልብ ወለድ ሰው ፈጠረና በ400 ሜትር ቦታውን ለሊደል እንዲለቅ አደረገው፤ ይህ በታሪክ የለም።

ይህ ሁሉ ይፈቀዳል ወይ? አንዳንዱ ያጠያይቃል። እኔ የጄኒው አይዋጥልኝም፤ ወንድሟን የደገፈች ሴት በዓለም ፊት እንቅፋት ሆና መቅረቷ ቀላል ነገር አይደለም። የመርከቡ ግን ትክክል ነው እላለሁ፤ ውሳኔውን ሳይለውጥ ሰዓቱን ብቻ ነው የለወጠው።

አሁን ወደምወደው ትዕይንት። የኤብራሃምስ አሠልጣኝ ሳም ሙሳቢኒ ይባላል። ባለሙያ አሠልጣኝ ስለሆነ፣ ዘመኑ ደግሞ አማተርነትን፣ ማለትም ያለ ክፍያ መወዳደርን፣ የሚያመልክ ስለነበር፣ የኮሌጁ ሽማግሌዎች ይንቁታል፤ በፊልሙ ስታዲየም አይገባም። በአቅራቢያው ሆቴል ክፍል ይዞ ይጠብቃል። 100 ሜትሩ ሮጦ አለቀ። ጭብጨባ አለ። ማን አሸነፈ? ሙሳቢኒ አያውቅም። በመስኮት የእንግሊዝ ባንዲራ ሲወጣ ያያል፤ መዝሙሩ ይሰማል፤ ባርኔጣውን ያወልቃል። ከዚያ አልጋው ላይ ተቀምጦ የገለባ ባርኔጣውን በቡጢ ይበሳዋል፤ «ልጄ» ይላል። አለቀ! የፊልሙ ትልቁ ድል የተከበረው በአሸናፊው ፊት ላይ ሳይሆን ስታዲየም ባልገባው ሽማግሌ ክፍል ውስጥ ነው። ይህን መሪ ተዋናይ የሆነ ጸሐፊ ያስበዋል? እጠራጠራለሁ። ኢያን ሆልም በዚህ ገጸ ባሕርይ ለኦስካር የረዳት ተዋናይነት ታጨ።

አንድ ሌላም አለ። ሊደልን የተጫወተው ኢያን ቻርልሰን፣ ከአንድ ውድድር በኋላ ለሠራተኞች የሚያደርገው ስብከት በስክሪፕቱ ሲያነበው አልጣመውም። መጽሐፍ ቅዱስን በደንብ አጥንቶ ነበርና ንግግሩ የተመጻደቀ ነው፣ ሊደል እንዲህ አይልም አለ። ጸሐፊ ሆናችሁ ተዋናይ እንዲህ ቢላችሁ ምን ትላላችሁ? ዳይሬክተሩ ሂዩ ሃድሰንና ዌላንድ «እንግዲያው ራስህ ጻፈው» አሉት። ጻፈው፤ በፊልሙ የምንሰማው የቻርልሰን ቃል ነው። በተቃራኒው ደግሞ፣ እግዚአብሔር ፈጣን አድርጎ እንደፈጠረውና ሲሮጥ የእሱ ደስታ እንደሚሰማው የሚናገርበትን ዝነኛ ቃል ስንት ሰባኪ «ሊደል እንዳለው» ብሎ ይጠቅሳል? የዌላንድ ድርሰት ነው! ተዋናዩ የጻፈውን ጸሐፊው ጻፈው ይባላል፣ ጸሐፊው የጻፈውን ሯጩ ተናገረው ይባላል።

ርዕሱም ዘግይቶ ነው የመጣው። መጀመሪያ ስለ ሩጫ የሚል ተራ ስም ነበረው፤ አንድ ቀን ዌላንድ በቴሌቪዥን የመዝሙር ፕሮግራም ሲያይ «ኢየሩሳሌም» የተባለው መዝሙር ውስጥ የእሳት ሠረገላ የሚል ስንኝ ሰማ፤ ርዕሱ እሱ ሆነ።

ሦስተኛው ነጥቤ አጭር ነው። መጋቢት 1982፣ ሎስ አንጀለስ። ፊልሙ ሰባት ጊዜ ታጭቶ አራት ኦስካር ወሰደ፤ ምርጥ ፊልም፣ ሙዚቃ፣ አልባሳት፣ የዌላንድ ድርሰት። ዌላንድ ሐውልቷን ይዞ «እንግሊዞች እየመጡ ነው!» አለ። አሜሪካኖች በነፃነት ጦርነታቸው ዘመን ፖል ሪቪር ፈረስ ላይ ሆኖ የጮኸው ነው እያሉ የሚተርኩት ቃል ስለሆነ በዚያ አዳራሽ ቀልድ ነበር። አገሩ ሲደርስ ግን ትንቢት ሆነ። በዓመቱ «ጋንዲ» ስምንት ኦስካር ሲወስድ ሁሉም «ይኸው!» አለ፤ ጥቂት ቆይቶ ትልልቅ የእንግሊዝ ፊልሞች ሲከስሩ ደግሞ ያንኑ ቃል ለመሳለቂያ አደረጉት። እዚህ ያላችሁ ተሸላሚዎች፣ መድረክ ላይ ስትወጡ የምትቀልዱትን ቀልድ ምረጡ!

ከዚያ በኋላ የጻፈው ጥቂት ነው። የሃምሳ ዓመቱን ሰው ታሪክ በ1985 ወደ አሜሪካ ወሰደው፤ ጂን ሃክማን የብረት ፋብሪካ ሠራተኛ ሆኖ ተጫወተው። ጥሩ ተዋንያን አሉበት፤ ለእኔ ግን የመጀመሪያው ይበልጣል። ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ ሰውየው ቤቱን ጥሎ ሲሄድ ሰፈሩ በሙሉ ያየዋል፤ አሜሪካ ውስጥ መኪና አስነሥቶ ይሄዳል። ታሪክ ሲዛወር የሚጠፋው ይህ ነው፤ ቃለ ተውኔቱ ይተረጎማል፣ ጎረቤቱ አይተረጎምም። በ1989 የደቡብ አፍሪካን አፓርታይድ የሚያሳየውን «ደረቅ ነጭ ወቅት» ከማርቲኒካዊቷ ዳይሬክተር ኡዛን ፓልሲ ጋር ጻፈ፤ ማርሎን ብራንዶ በትንሽ ገጸ ባሕርይ ገብቶ ለረዳት ተዋናይነት ታጨበት። በ1994 «የቁልፎች ጦርነት» ወጣ፤ የሁለት ሰፈር ልጆች ተዋግተው የተማረከውን የልብሱን ቁልፍ የሚቆርጡበት የፈረንሳዮች ታሪክ ነው፣ እሱ ወደ አየርላንድ አመጣው። በኋላ የማስታወስ ችሎታን የሚነሳው የአልዛይመር ሕመም ያዘው፤ በኅዳር 2015 በ81 ዓመቱ አረፈ።

አሁን ንግግሩ ይብቃና ሥራ እንሥራ። ሦስት ፈቃደኛ እፈልጋለሁ። ወረቀቱ ላይ ያለው ትዕይንት ሁላችሁም የምታውቁት ነው፤ ባል ሻንጣ ይዞ ሊወጣ ነው፣ ሚስት በር ላይ ቆማለች፣ የቤት ሠራተኛዋ ቡና ይዛ ትገባለች። ሠራተኛዋ የተጻፈላት «ቡናው ደርሷል» የሚል ብቻ ነው። አንድ ጊዜ እንዳለ አንብቡት። ከዚያ ሌሎቻችሁ 15 ደቂቃ አላችሁ፤ የባልና የሚስቱን ቃል ሳትነኩ፣ ለሠራተኛዋ ከሦስት ዓረፍተ ነገር ያልበለጠ ጻፉላት። ያን ዕለት ከዚያ ቤት የምትፈልገው የራሷ ነገር ይኑራት፤ ያልተከፈላት ደመወዝ ሊሆን ይችላል፣ የልጇ የትምህርት ቤት ክፍያ ሊሆን ይችላል። ምክር እንዳትሰጣቸው! ማን ሠራተኛዋን ይጫወታል? አንቺ፣ ነጠላ የለበስሽው፣ ነይ ወደ ፊት።